ፔሊካኖቹ ለምን ቀነሱ? የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክን ለማስተማሪያነት ስለተጠቀመ አንድ ትምህርት ቤት የቀረበ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ ለምን ተመዘገበ

ብሔራዊ ፓርክ በደጃፋቸው የሚገኝ ትምህርት ቤቶች በአገራችን ጥቂት አይደሉም። የአርባ ምንጭ ተማሪ ነጭ ሳርን ከከተማው ከፍታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየዋል፤ የመተሐራ ተማሪ ከአዋሽ፣ የጎባና የሮቤ ተማሪ ከባሌ ተራሮች፣ የደባርቅ ተማሪ ከስሜን ተራሮች ጋር ጎረቤት ነው። ሆኖም ጉርብትናው በትምህርቱ ውስጥ እምብዛም አይታይም። ስለ ምግብ ሰንሰለት፣ ስለ ብዝኃ ሕይወትና ስለ አፈር መሸርሸር የሚሰጠው ትምህርት በጥቁር ሰሌዳና በደብተር መካከል ተጀምሮ እዚያው ያልቃል፤ ፓርኩም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለዚያውም መክፈል ለቻሉ ተማሪዎች ብቻ፣ የሽርሽር ቦታ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ በማዕከላዊ ስምጥ ሸለቆ፣ ከአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ብዙም በማይርቅ ከተማ የሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህንን ልማድ ለመለወጥ ያደረገውን ጥረት ይዘግባል። የትምህርት ቤቱም ሆነ የሰዎቹ ስም አልተጠቀሰም። ጉዳዩ ሊመዘገብ የበቃው ትምህርት ቤቱ ልዩ በጀትም ሆነ ረጂ ድርጅት ሳይኖረው የሠራው በመሆኑና የተሳካው ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውም ለሌላ መምህር የሚጠቅም ሆኖ በመገኘቱ ነው።

ፓርኩና ሐይቆቹ

ፓርኩ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ይገኛል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ዓላማው የውሃ ወፎችን መጠበቅ ሲሆን፣ 887 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከሚሆነው ስፋቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ነበር። ከ400 በላይ የወፍ ዝርያዎች የተመዘገቡበት ሲሆን፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም ያርፉበታል።

ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተደረመሰ ገደላማ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ፣ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ነው። አብያታ ደግሞ ጥልቀት የሌለው፣ ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ሐይቅ በሆራ ከሎ ወንዝ በሚመጣ ውሃ የሚኖር፣ ውሃ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው። መውጫ ስለሌለው የሚቀንሰው በትነት ነው፤ ውሃው ሲተን ጨውና ሶዳው ወደ ኋላ ይቀራል።

ለትምህርት ቤቱ ሥራ መሠረት የሆነውም ይኸው የሁለቱ ሐይቆች ልዩነት ነው። ዓሣ በል የሆነው ትልቁ የውሃ ወፍ፣ ነጩ ፔሊካን፣ በሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ይፈለፍል ነበር፤ ደሴቲቱ ከአውሬ የተጠበቀች በመሆኗ በአፍሪካ ከታወቁት የፔሊካን መፈልፈያዎች አንዷ ሆና ቆይታለች። ይሁንና ሻላ ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የለውም። ወፎቹ ምግባቸውን የሚያገኙት በመካከል ያለውን ከፍታ ተሻግረው ከአብያታ ነበር። ባለፉት አሥርት ዓመታት የዝዋይና የቡልቡላ ውሃ ለመስኖ በብዛት በመጠለፉ፣ ከአብያታም ውሃ ለሶዳ አሽ (ለፋብሪካ ግብዓት የሚውል ሶዳ) ምርት እየተሳበ ወደ ማትነኛ ገንዳዎች በመወሰዱ፣ ሐይቁ በ1960ዎቹ ከነበረው ስፋት ግማሽ ያህሉን አጣ። ውሃው ባነሰ መጠን ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ዓሣው ጠፋ፤ ፔሊካኖቹም ቀነሱ። ዓሣ የማይበሉት ፍላሚንጎዎች ግን ዛሬም በዳርቻው ይታያሉ።

ችግሩ

ትምህርት ቤቱ ከዚህ ሥራ በፊትም ወደ ፓርኩ ይሄድ ነበር። ጉዞው በዓመቱ መጨረሻ የሚደረግ፣ በተማሪዎች መዋጮ የሚሸፈን ነበር። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ በበሩ አካባቢ ያሉትን ሰጎኖችና የሜዳ ፍየሎች ያያል፤ ፍል ውሃው ዘንድ ይወርዳል፤ ከፍታው ላይ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ምሳ ይበላል፤ እየዘፈነ ይመለሳል። የሚመሯቸው የፓርኩ ሠራተኞች ተማሪዎቹ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑና ምን እየተማሩ እንዳሉ የሚነግራቸው ስላልነበረ፣ ለማንኛውም ጎብኚ የሚሰጡትን ማብራሪያ ይሰጣሉ።

ጉዳዩን ያነሣው የባዮሎጂ መምህሩ ነው። ከአንዱ ጉዞ ማግስት ተማሪዎቹ ያወቁትን በአንድ ገጽ እንዲጽፉ ሲጠይቅ፣ አብዛኞቹ ያዩትን እንስሳ ስም ደርድረው አመጡለት። ስለ ሐይቁ መሸሽ የጻፈ አልነበረም። ይህ የሆነው ደግሞ ብዙዎቹ ተማሪዎች የሐይቁን መሸሽ ከማንም በተሻለ እያወቁት ነው፤ ከብት ሲጠብቁ፣ ወይም ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ፣ ቀድሞ ውሃ የነበረውን ነጭ ሜዳ ተሻግረውበታል። ያንን እውቀት ትምህርት ነው ብለው ስላልቆጠሩት ወረቀቱ ላይ አላሰፈሩትም። በእኔ እምነት የጉዳዩ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የጎደለው ፓርኩን ማየት አልነበረም፤ የሚያውቁትን አካባቢ ጥያቄ አድርጎ የሚያቀርብላቸው ትምህርት ነበር።

የቀሩት እንቅፋቶች የታወቁ ናቸው። በአንድ ክፍል ከስድሳ በላይ ተማሪ አለ፤ የቤተ ሙከራ ዕቃ የለም፤ የትምህርት ጊዜው በፈረቃ የተጣበበ ነው፤ መምህራኑም ከጥቂቶች በስተቀር ፓርኩን ከአውራ ጎዳናው ወዲያ አያውቁትም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

አንድ ጥያቄ መምረጥ። የባዮሎጂ፣ የጂኦግራፊና የኬሚስትሪ መምህራን ተሰብስበው በመጀመሪያ የፓርኩን ዕፅዋት፣ እንስሳትና መልክዓ ምድር የሚያካትት ሰፊ ዕቅድ አዘጋጁ። ርእሰ መምህሯ ዕቅዱን አይታ ከዚህ ሁሉ አንድ ተማሪ ከዓመት በኋላ የሚያስታውሰው ምኑን ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ ሁሉንም ትተው «በሻላ ደሴት ይፈለፍሉ የነበሩት ፔሊካኖች ለምን ቀነሱ?» የሚለውን ብቻ ያዙ። ጥያቄው ጠባብ ይምሰል እንጂ፣ ለመመለስ የሐይቆቹን ከፍታ፣ የውሃውን ኬሚስትሪ፣ የወፎቹን አመጋገብና የሰዉን ኑሮ ሁሉ ማወቅ ያስፈልጋል።

መምህራኑ ቀድመው መሄድ። ከተማሪዎቹ በፊት መምህራኑ ከፓርኩ ባለሙያና ከአንድ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ጋር መንገዱን በእግራቸው አዩት። የአብያታ ዳርቻ ጭቃ ከላይ ደርቆ ሰውንም ተሽከርካሪንም የሚውጥበት ቦታ የት እንደሆነ፣ የሻላ ፍል ውሃ የሚያቃጥለው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ጥላና መፀዳጃ የት እንዳለ መዘገቡ። ናሙና ውሃ ለመቅዳት ፈቃድ የጠየቁትም ያን ጊዜ ነው። በዚህ ቀን ለባለሙያው የትምህርቱን ዕቅድ በጽሑፍ ሰጡት፤ እርሱም ማብራሪያ ከመስጠት ይልቅ ለተማሪዎቹ ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ተስማሙ።

በክፍል ውስጥ መዘጋጀት። የጂኦግራፊ መምህሯ አራቱን ሐይቆች ከባሕር ጠለል በላይ ባላቸው ከፍታ አስቀመጠቻቸው፤ ዝዋይ 1636 ሜትር ገደማ፣ ላንጋኖና አብያታ 1580 አካባቢ ተቀራርበው፣ ሻላ ደግሞ 1558 ገደማ። ተማሪዎቹ ይህንን በመስመር ሥዕል አውጥተው ውሃው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ገመቱ፤ ቡልቡላ ላይ ውሃ ቢጠለፍ የሚጎዳው የትኛው ሐይቅ እንደሆነ ገና በክፍል ሳሉ ደረሱበት። ከዚያም በነፃ ከሚገኙ የሳተላይት ምስሎች፣ በተለያዩ ዓመታት የተነሡ የአብያታ ሥዕሎች ታትመው ታደሏቸው። ምስሎቹን በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ገልብጠው፣ ሐይቁ ያረፈባቸውን አራት ማዕዘኖች በመቁጠር ስፋቱን አሰሉ።

ከዚህ ጋር የቤት ሥራ ተሰጠ። እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ወይም በሰፈሩ ያሉ አንድ አዛውንት ጠይቆ፣ ሐይቁ ቀድሞ እስከ የት ይደርስ እንደነበር፣ ዓሣ ይጠመድበት እንደነበር፣ የወፎቹ ብዛት ምን ይመስል እንደነበር እንዲመዘግብ ነው። ንግግሩ በአፋን ኦሮሞ፣ ዘገባው በትምህርቱ ቋንቋ በእንግሊዝኛ ሆነ። ከመምህራኑ ዕቅድ ሁሉ አነስተኛ ድካም የጠየቀው፣ ብዙ ፍሬ የሰጠውም ይኸው ነበር። አንዳንዶቹ አዛውንቶች የውሃውን ጥንተ ዳርቻ የሚያመለክቱ ዛፎችንና ቋጥኞችን በስም ጠቅሰው፣ ተማሪዎቹም በጉዞው ቀን እነዚህን ምልክቶች ፈልገው አገኙ።

በመስኩ። ሁሉንም ተማሪ በአንድ ቀን መውሰድ ቀርቶ፣ አንድ የክፍል ምድብ በየተራው እንዲሄድ ተደረገ። ፓርኩ በአውራ ጎዳና ላይ ስለሆነ አውቶቡስ መከራየት አላስፈለገም፤ በመደበኛው የሕዝብ ማመላለሻ ሄደው የቀረውን በእግር ሲጓዙ፣ ወጪው መክፈል ያልቻሉትን ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ለመደጎም እስኪቻል ድረስ ቀነሰ። በጉዞው ቀን ተማሪዎቹ በአራት ቡድን ተከፍለው እየተዘዋወሩ ሠሩ። አንዱ ቡድን በዳርቻው ያሉትን ወፎች ቆጠረ፤ ሁለተኛው ከሁለቱም ሐይቆች ውሃ ቀዳ፤ ሦስተኛው በገመድ በተከለለ ቦታ ውስጥ ያሉትን የግራር ዛፎች፣ ጉቶዎችና ችግኞች ለየብቻ መዘገበ፤ አራተኛው ሁለቱ ሐይቆች በአንድነት ከሚታዩበት ከፍታ ላይ ሆኖ የአሁኑን ዳርቻ ከቀድሞው ምስል ጋር እያስተያየ ካርታ ሣለ።

የወፍ ቆጠራው ዘዴ በሌላ ትምህርት ቤትም ሊሠራ የሚችል በመሆኑ እዚህ ላይ ቢገለጽ ይጠቅማል። በሺህ የሚቆጠር ፍላሚንጎ አንድ በአንድ አይቆጠርም። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ አንድ መቶ ወፍ ቆጥረው ያ መቶ ምን ያህል ስፋት እንደሚይዝ በዓይናቸው ይይዛሉ፤ ከዚያ መንጋው ውስጥ ያ ስፋት ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ይገምታሉ። ሁለት ቡድኖች አንድ መንጋ ቆጥረው የተራራቀ ቁጥር ሲያመጡ፣ መምህሩ አንዱን ትክክል ሌላውን ስህተት ከማለት ተቆጥቦ፣ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ እንዲያስረዱ አደረገ።

ከተመለሱ በኋላ። የኬሚስትሪ መምህሩ ያለ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ሁለት ሙከራዎች አዘጋጀ። በመጀመሪያው፣ የቧንቧ ውሃ፣ የቡልቡላ ውሃና የሁለቱ ሐይቆች ውሃ በሲሪንጅ እኩል ተለክቶ በየሳህኑ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ከቧንቧው ውሃ የቀረው ለዓይን የማይሞላ ነገር ሲሆን፣ የሐይቆቹ ውሃ ነጭ ቅርፊት ትቶ ደረቀ። በሁለተኛው፣ ቀይ ጥቅል ጎመን ተቀቅሎ ውሃው ለመመርመሪያነት ዋለ፤ የሐይቆቹ ውሃ ሲጨመርበት ሐምራዊው ቀለም ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ተማሪዎቹ «አልካላይን» (የአሲድ ተቃራኒ ጠባይ ያለው) የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ሸምድደውት ኖረዋል፤ በዚህ ቀን ግን ዓሣ በዚህ ውሃ ውስጥ ስለምን እንዳልኖረ ማስረጃ ሆኖ ቀረበላቸው።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ቡድን ለጥያቄው የራሱን መልስ አቅርቦ ተከራከረ። መስኖውን የከሰሰ አለ፤ ዝናብ መቀነሱን የከሰሰ አለ፤ የሶዳ አሽ ምርቱን የከሰሰ አለ። መምህራኑ ለእያንዳንዱ ያቀረቡት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ይህንን ለማለት የሚያበቃችሁ ማስረጃ የቱ ነው? አንዲት ተማሪ፣ ቆጠራችን የአንድ ቀን ስለሆነ የወፎቹን ብዛት እንጂ መቀነሳቸውን አያሳይም፤ መቀነሳቸውን የነገሩን አዛውንቶቹና የቀድሞ መዛግብት ናቸው ብላ ስትናገር፣ መምህራኑ ለዓመታት ሲደክሙበት የኖሩትን የማስረጃ ትምህርት በራሷ ደረሰችበት።

የሠራው

ግልጽ ለውጥ የታየው በተማሪዎቹ ጽሑፍ ላይ ነው። የእንስሳት ስም ዝርዝር ቀርቶ፣ «ስለዚህ» እና «ምክንያቱም» የሚሉ ቃላት ያሉበት ማብራሪያ መጣ። በጽሑፍ ፈተና ደካማ የነበሩ፣ ከብት ጠባቂነትን ከትምህርት ጋር የሚያስኬዱ ልጆች በመስኩ ላይ መሪዎች ሆኑ፤ የወፎቹንና የዛፎቹን ስም በአፋን ኦሮሞ ያውቃሉ፤ የትኛው ወፍ በየትኛው ወር እንደሚመጣ ያውቃሉ። ውጤቱ ለተከታታይ ምዘና እንዲያዝ መደረጉም ወሳኝ ነበር፤ ነጥብ የሌለው ሥራ በተማሪውም በወላጁም ዘንድ እንደ ጨዋታ ይቆጠራልና።

ከፓርኩ ባለሙያ ጋር የነበረው ግንኙነትም ተለወጠ። ቀድሞ የጉብኝት ደብዳቤ ተቀባይ የነበረው ሰው በክፍሉ ክርክር ላይ ተገኝቶ ያዳምጥ ጀመር፤ የተማሪዎቹን የጉቶና የችግኝ መዝገብም ቅጂ ወሰደ።

ያልሠራው

እጅግ አስቸጋሪው የግራሩ ጉዳይ ሆነ። በፓርኩ ክልል ውስጥ ሰው ይኖራል፤ ያርሳል፤ ከሰል ያከስላል። ከተማሪዎቹ መካከል ቤተሰባቸው በከሰል የሚተዳደር አሉ። በመጀመሪያው ዙር ጉቶዎቹ የተቆጠሩት መሣሪያ የያዘ ስካውት አጠገባቸው ቆሞ ሲሆን፣ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ጥያቄም «ዛፎቹን ማን ይቆርጣል?» የሚል ነበር። ቡድኑ ዝም አለ። አንድ ተማሪ ወረቀቱን ባዶ መለሰ። ጥያቄው ልጁን በአባቱ ላይ እንዲመሰክር የሚያስገድድ ነበርና ዝምታው ተገቢ ነበር እላለሁ።

በሚቀጥለው ዙር ስካውቱ ራቅ ብሎ እንዲቆም ተደረገ፤ ጥያቄውም «አንድ ቤተሰብ ከሰል ማክሰሉን እንዲተው ምን ያስፈልገዋል?» ወደሚል ተለወጠ። ተማሪዎቹ የአንድ ጆንያ ከሰል ዋጋ፣ ለአንድ ጆንያ የሚገባውን ግራርና ዛፉ ለመድረስ የሚፈጅበትን ዘመን እያነጻጸሩ አሰሉ። ውይይቱ ተከፈተ። ሆኖም ጥያቄው አልተፈታም፤ ትምህርት ቤት ሊፈታው የሚችለው ነገርም አይደለም፤ መምህራኑም ለተማሪዎቹ ይህንኑ በግልጽ ነገሯቸው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ማሳተፍ አልተቻለም። የብሔራዊ ፈተናው ጫና መምህሩንም ተማሪውንም ስለሚይዝ ሥራው ወደ 11ኛ ክፍል ወረደ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ረመዳን ውስጥ ስለዋለ፣ ጾመኛ ተማሪዎች በጥም በፀሐይ እንዳይውሉ ተላለፈ፤ ይህ መሸጋገር ብዙዎቹን የአውሮፓ ወፎች አሳጣ። አንዳንድ ሴት ተማሪዎች ቀኑን ሙሉ መፀዳጃ አናገኝም ብለው ሰግተው ቀርተው ነበር፤ የእረፍት ቦታው አስቀድሞ ሲነገራቸውና ሴት መምህርት አብራቸው ስትሄድ መጡ። ከሁሉ የጎዳው ግን የኬሚስትሪ መምህሩ ወደ ሌላ ቦታ መዛወሩ ነው። የሙከራዎቹ አሠራር በእርሱ ጭንቅላት እንጂ በወረቀት ስላልነበረ፣ በተከታዩ ዓመት ያ ክፍል ሳይሠራ ቀረ፤ የተተካችው መምህርት ከተማሪዎቹ ደብተር ላይ አሰባስባ እንደገና አቋቋመችው።

ለሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚሆን

ከዚህ ጉዳይ ሊወሰድ የሚገባው ጥያቄው አይደለም፤ ጥያቄው የተገኘበት መንገድ ነው። መምህራኑ ተማሪው አስቀድሞ በዓይኑ የሚያውቀውን፣ ግን ምክንያቱን ጠይቆ የማያውቀውን ነገር ፈለጉ። አርባ ምንጭ ውስጥ ይህ ጥያቄ የከተማው የመጠጥ ውሃ ከየት ይመጣል የሚል ሊሆን ይችላል፤ መልሱ በነጭ ሳር ፓርክ ደን ውስጥ ወደሚፈልቁት ምንጮች ይወስዳልና። የመተሐራ ተማሪ ደግሞ የአብያታ ተቃራኒ በደጁ አለ፤ በሰቃ ሐይቅ በየጊዜው እየሰፋ ማሳ፣ መንገድና የባቡር ሐዲድ ሲገፋ ኖሯል። አንዱ ሐይቅ ሲሸሽ ሌላው ለምን ይሰፋል ብሎ መጠየቅ፣ ሁለት ትምህርት ቤቶች መዛግብታቸውን ተለዋውጠው አብረው ሊሠሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው። በባሌ፣ ከተራሮቹ የሚነሡት ወንዞች እስከ ሶማሊያ ድረስ ለሚኖር ሰው የሚያደርሱትን ውሃ መከተል ይቻላል።

የተጎዳ ፓርክ ለትምህርት አይሆንም የሚል አስተያየት በአንዳንድ መምህራን ዘንድ ይሰማል፤ ለማሳየት የሚያኮራ ነገር ሲያጡ ጉዞውን ይተዉታል። የአብያታ ጉዳይ ተቃራኒውን ያሳያል። ጉዳቱ ራሱ መንስኤና ውጤትን ያስተምራል። ጉዳቱ የማይመለስ እንዳልሆነ ለማሳየት ደግሞ የስሜን ተራሮች ታሪክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ ወጥቷል። ለመግባቱ ምክንያት የሆነው ምን ነበር፣ ለመውጣቱስ ማን ምን ከፈለ ብሎ የሚጠይቅ የደባርቅ ተማሪ፣ ከፓርኩ ክልል እንዲነሡ የተደረጉትን የግጭ መንደር ነዋሪዎች ጨምሮ፣ ምላሽ ሊሰጡት የሚችሉ ሰዎች በዙሪያው አሉ።

በፓርክ ክልል ውስጥ ወይም በዳሩ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች በክፍሉ ካሉ፣ የጥያቄው አጻጻፍ ከጉዞው በፊት በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ማን አጠፋ የሚለው ጥያቄ ልጆቹን ዝም ያሰኛል፤ ምን ያስፈልጋል የሚለው ያናግራቸዋል። ከእነዚህ ልጆች መካከል ሁለት ሦስቱን አስቀድሞ አነጋግሮ ወረቀቱን ማሳየት ጊዜ አይፈጅም።

ሥራው ከሰው ጋር እንዳይዛወር፣ የእያንዳንዱ ሙከራና የእያንዳንዱ ቦታ አሠራር በአንድ ገጽ ተጽፎ ከፓርኩ ካርታና ከአዛውንቶቹ ምስክርነት ጋር በቤተ መጻሕፍቱ መቀመጥ አለበት። ይህ ትምህርት ቤት ይህንን የጀመረው ዘግይቶ ነው። አሁን እያንዳንዱ ምድብ ካለፈው ዓመት ምድብ የወፍና የችግኝ ቆጠራ ተነሥቶ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ዘዴ የራሱን ይጨምራል፤ የአንድ ቀን ቆጠራ መቀነስን አያሳይም ያለችው ተማሪ ያነሣችው ክፍተት የሚሞላው በዚህ መንገድ ነው። መምህራኑ በሚቀጥለው ዙር ሊጨምሩ ያሰቡት የቡልቡላን ወንዝ ሲሆን፣ በወሩ አንድ ቀን፣ በአንድ የተወሰነ ድልድይ ሥር፣ የውሃውን ጥልቀት የልኬት ምልክት በተደረገበት ዘንግ ለክተው ለመመዝገብ የተማሪዎችን የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ኃላፊ አድርገዋል።